ያልታጠበው ሹራብ

የሰፈሩ ሰው ያንን ቅዳሜ እስከ ዛሬ ያወራዋል። አሮጌ ዕቃ ተሸጦ የመዋዕለ ሕፃናቱ ጣራ ይታደሳል ቢባል ማን ያምን ነበር? ያውም ሦስት ሰው ለስብሰባ ተጠርቶ አራት ሐሳብ ይዞ በሚበተንበት ሰፈር! ባለፈው ዓመት ተሞክሮ አፈር ድሜ በልቶ ነበር። ሰው ሁሉ አልጋ ሥር የሸጎጠውን በጆንያ እየጎተተ አመጣና ጠረጴዛ ላይ ከመረው። ግቢው የብል መድኃኒትና የእርጥብ ግድግዳ ሽታ ሸተተ። ሊገዛ የመጣው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ እግሬ አውጪኝ አለ። በመጨረሻ ሻጮቹ እርስ በርሳቸው ተገዛዝተው፣ የአንዱ ቤት ኮተት ወደ ሌላው ቤት ተዛውሮ ተበተኑ።

ዘንድሮ ግን ባለመድኃኒት ቤቷ ነገሩን በእጇ አስገባች። ይቺ ሴት እሳት የላሰች ናት። ለራስ ምታት ክኒን ልትገዛ ብትሄድ "ትናንት ስንት ሰዓት ተኛህ?" ብላ ሳትመረምርህ አትለቅህም። ያወጣችው ሕግ አንድ ነበር፤ ያልታጠበ፣ ያልተተኮሰ፣ ቁልፍ የጎደለው ልብስ ጠረጴዛ ላይ ድርሽ አይልም። "ሰው መጀመሪያ የሚገዛው በአፍንጫው ነው" አለች። ልክ ነበረች። ግን ያን ሁሉ ክምር ማን ያጥበዋል? የሁሉም ዓይን ወደ ጋሽ እንፋሎት ላውንደሪ ዞረ።

ጋሽ እንፋሎት ቅጽል ስሙ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ግብር ሲከፍል ካልሆነ አይነሳም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ካውያ ጨብጦ፣ በእንፋሎት ተሸፍኖ የኖረ ሰው ነው፤ ቁጣውም እንደ ካውያው ቶሎ ይግላል። እድፍን እንደ ግል ጠላቱ ነው የሚያየው። ደምን በቀዝቃዛ ውኃ፣ ቀለምን በአልኮል፣ የብብት ቢጫን በኮምጣጤ ያባርራል። ደንበኛ ሸሚዝ ሲያቀብለው ወደ አፍንጫው አስጠግቶ "ትናንት ዓሣ በልተሃል፤ ያጨሰውም ጓደኛህ ነው፣ አንተ አይደለህም" ይላል። ሰውየው አፉን ከፍቶ ይቀራል።

ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት አብራው ስትሠራ አንድ ቀን "ጎሽ" ብሏት አያውቅም። የተኮሰችውን ኮሌታ ይገለብጣል፣ ኪስ ጠርዝ ውስጥ ጣቱን ይሰዳል፣ አንዲት ነገር ሳያገኝ አይመለስም። "ይኼስ ምንድን ነው?" ይላታል። ያሳያትን ነገር ለማየት አጉሊ መነጽር ያስፈልጋል። "አባባ፣ ያንተ ዓይን እኮ ለፖሊስ ነበር የሚሆነው" ትለዋለች፤ መልሳ ታጥባለች። ክፉ ሆኖ አይደለም። ሥራ መውደድ ማለት ጉድለቱን መፈለግ ነው ብሎ ነው የሚያምነው።

እንግዲህ ይህ ሰው "የሰፈሩን ልብስ በነጻ አጥባለሁ" ሲል ጉድ ተባለ። ዳቦ ጋጋሪው፣ የልብ ወዳጁ፣ "በነጻ? ሰውዬው ኑዛዜውን ጽፏል ማለት ነው!" ብሎ ሰውን አሳቀ። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ሚስቱ ከሞተች ስምንት ወሯ ነው። እጁ ሥራ ካጣ ሐዘኑ ይነሳበታል፤ ስለዚህ ምንም ይሁን ምን፣ የሚታጠብ ነገር ይምጣ ነበር ያለው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከላውንደሪው በር እንፋሎት ሳያቋርጥ ወጣ። የሰፈሩ መጋረጃ፣ የሰፈሩ ካፖርት፣ ፋሽን ያለፈባቸው ሙሉ ልብሶች፣ የሕፃናት ቱታ ሁሉ በሱና በልጁ እጅ አለፈ።

በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ልጁ ካውያውን አስቀመጠችና ፈራ ተባ እያለች፣ "አባባ፣ የእማዬንም ልብስ ለምን አናወጣውም?" አለችው። "ቁም ሳጥኑን ከፍተን እናየዋለን፣ መልሰን እንዘጋዋለን። ስምንት ወር እንዲህ ነው ያሳለፍነው። ሰው ቢለብሰው አይሻልም?"

ይቆጣል ብላ ነበር። እሱ ግን የያዘውን ሱሪ መስመር እያስተካከለ፣ "ይሁን። ቁም ሳጥኑም ይሂድ" አላት። እንዲህ በቀላሉ እሺ ማለቱ ገረማት። ምን ታውቃለች? ሁሉንም ስጡ ያለው አንዷን ደብቆ ነው።

አንዷ ነገር አረንጓዴ የሱፍ ሹራብ ነበረች። ሚስቱ ቤት ውስጥ ከትከሻዋ የማታወርዳት፣ ክርኗ የሳሳ፣ ከእንጨት ቁልፎቿ አንዱ ጠፍቶ በሌላ ዓይነት የተተካባት ሹራብ። ሆስፒታል በሄደችበት ጠዋት አውልቃ ወጥ ቤቱ በር ጀርባ ሰቀለቻት። "ስመለስ እለብሳታለሁ" አለች፤ አልተመለሰችም። ከቀብር በኋላ በሦስተኛው ቀን፣ ጋሽ እንፋሎት ውኃ ሊጠጣ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ሚስቱ ሸተተችው። ሹራቧን አወረደና ፊቱን ቀበረባት።

ለሱ ሽታ ሁሉ ስም አለው፤ ስም ያለው ሁሉ ደግሞ ማስለቀቂያ አለው። ከሹራቧ ላይ ለጥርሷ የምታኝከውን ቅርንፉድ ለየ። የእጇን ቅባት ለየ፤ የጸጉሯንም ዘይት። ከነዚህ ሥር ግን አንድ ስም የሌለው ነገር ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት አጠገቡ የተኛ፣ አንድ ቀን እንኳ ልብ ብሎት የማያውቅ የአንገቷ ጠረን። ላቡም አይደል፣ ሳሙናውም አይደል። እሷ ነበረች፣ በቃ። ያን ቀን እንደ ልጅ አለቀሰ።

ሙያው ደግሞ መጥፎ ነገር ያሳውቀዋል። ጠረን በአየር እንደሚያልቅ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ሹራቧን በወፍራም ፌስታል አድርጎ አፉን ጥብቅ አድርጎ አሰረ፤ እሁድ እሁድ ብቻ ይፈታዋል። ሦስት ትንፋሽ ይስባል፤ አራተኛውን እየተመኘ መልሶ ያስራል። እንዲህ ቆጥቦ ከያዘው ሁለት ዓመት፣ ምናልባትም ሦስት ዓመት እንደሚቆይለት አስልቷል። ለማንም አልተናገረም። ምን ብሎ ይናገር? እድሜ ልኩን ሰውን "ያደረ ልብስ ቤት ውስጥ አታስቀምጡ" እያለ ሲቆጣ የኖረ ሰው፣ ያልታጠበ ሹራብ አቅፌ እውላለሁ ይበል? ዳቦ ጋጋሪው ቢሰማ እስከ ዕለተ ሞቱ መተረቻ ያደርገው ነበር። ሆድ ይፍጀው አለ።

የሽያጩ ሳምንት ገባ። ባለመድኃኒት ቤቷ ሴቶቹን አስከትላ የሟችን ልብስ ልትለይ ከሱቁ በላይ ወዳለው መኖሪያቸው ወጣች። መሳቢያ ይከፈታል፣ አልጋ ይነሳል። ጋሽ እንፋሎት ፌስታሉን ኮቱ ውስጥ ሸጉጦ ወደ ሱቁ ወረደና ከመደርደሪያው ጫፍ አስቀመጠው። ያ መደርደሪያ ባለቤቶቻቸው ረስተዋቸው የቀሩ ልብሶች የሚቀመጡበት ነው። የሰው አደራ ስለሆነ ማንም አይነካውም፤ እሱም ይህንኑ አስቦ ነበር።

ዓርብ ቀን ግን እሱ እጁ እስከ ክርኑ አረፋ ውስጥ እንዳለ፣ ባለመድኃኒት ቤቷ በበሩ ብቅ ብላ፣ "ጋሼ፣ እዚያ ላይ ያሉት ባለቤት የላቸውም መሰለኝ። ሰው ረስቷቸው ዓመት ካለፋቸው ለምን አይሸጡም?" አለች።

"ውሰጃቸው!" አለ፣ ቀና ብሎ ሳያያት። "ሁሉንም ውሰጂ! ብቻ ከፊቴ ዞር በይልኝ፣ መጋረጃው ቀለሙን ሊለቅብኝ ነው!"

አይ አፍ! ከአፉ ሲወጣ እንኳ ጆሮው አልሰማውም። መጋረጃውን አለቅልቆ፣ ጨምቆ፣ አስጥቶ፣ በቀጥታ የልብስ መስቀያ ገመድ ሊወጥር ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ግቢ ሄደ። እስኪመሽ እዚያው ዋለ።

ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይዋ ገና ሳትበረታ ግቢው ሞላ። እንዴት ያምራል! ሸሚዞቹ በመጠን በመጠናቸው፣ ነጩ ከነጭ፣ ጥቁሩ ከጥቁር፣ ገመዱ ላይ ተሰልፈው ነፋስ ያወዛውዛቸዋል። ድስቱ ተፈትጎ ፊት ያሳያል። ልባሽ ነው ብሎ የተጠየፈ አንድ ሰው አልነበረም። ከሩቅ ሰፈር ሳይቀር ሰምተው መጥተዋል። ጋሽ እንፋሎትን ያስቆጣው አንድ ጠረጴዛ ብቻ ነበር፤ በሩ አጠገብ ባለመድኃኒት ቤቷ በመጨረሻው ሰዓት የመጡ ልብሶችን ሳይታጠቡ ቆልላቸዋለች።

"ምንድን ነው ይኼ? ስሜን ልታጠፊ ነው?" ብሎ ደነፋባት።

"ጋሼ፣ ዛሬ ሲነጋ ነው ያመጧቸው። ልመልሳቸው?"

"ሕግ አውጪዋ አንቺ፣ ሕግ አፍራሿ አንቺ!" አለና እያጉረመረመ ሄደ።

የሚስቱ ልብሶች የተሰቀሉት መሐል ላይ ነበር። ልጁ ናት እንዲያ ያደረገችው፤ እናቴ ጥግ ላይ አትሰቀልም ብላ። አንዲት ወጣት የባንክ ሠራተኛ ነጭ ነጠብጣብ ያለበትን ሰማያዊ ቀሚስ አንስታ ወደ ሰውነቷ አስጠጋችው። ጋሽ እንፋሎት ሳያስበው፣ "እጅጌው ጠበብ ይላል፤ ክንድሽን ቀስ አድርገሽ አስገቢ" አላት።

"የማን ነበር?"

"የአንዲት ሴት" አለ። "ይመችሽ።"

ቀሚሱ ሄደ፤ ካፖርቱ ሄደ፤ ሁለቱ ጉርድ ቀሚሶችም ሄዱ። ቁም ሳጥኑን ከከተማው ወዲያ ማዶ ያሉ አዲስ ሙሽሮች ገዝተውት፣ ልጁ በጭነት መኪና ልታደርስላቸው አብራ ሄደች። እያንዳንዱ ሲሄድ አንጀቱን ሳብ ያደርገዋል። ግን ቻለው። ነገ እሁድ ነው እያለ ነበር የቻለው።

ረፋድ ላይ ማንጠልጠያ አለቀና ሊያመጣ ወደ ሱቁ ገባ። ማንጠልጠያውን በሁለት እጁ እንደታቀፈ ዓይኑን ወደ መደርደሪያው ጣል አደረገ። ባዶ ነው። ተወልውሎ ያበራል።

ማንጠልጠያው ከእጁ ወደቀ። መጀመሪያ ነገሩ አልገባውም ነበር። ከዚያ የራሱ ድምፅ ጆሮው ላይ ጮኸበት፤ "ሁሉንም ውሰጂ!" ወገቤን ሳይል ከጠረጴዛው ሥር ተንበረከከ፣ ከማሽኖቹ ጀርባ ገባ፣ የቆሻሻውን ቅርጫት ገለበጠ። ፌስታሉ የለም። በሩን ሳይዘጋ ወደ ግቢው ሮጠ።

"መደርደሪያው ላይ የነበሩትን ማን ወሰዳቸው?"

"ልጅዎ ናት ያወረደቻቸው፣ ትናንት" አለች ባለመድኃኒት ቤቷ፣ ለገዢ መልስ እየቆጠረች። "አብዛኞቹን አጥባቸዋለች። ያልደረሱላትን እዚያ በሩ አጠገብ ካሉት ጋር ቀላቅለናቸው ይሆናል። ምን ጠፋብዎት?"

"አንድ ሹራብ። የደንበኛ ነው።"

"ሹራብማ እንደ ጉድ ነው ያለው፣ ጋሼ።"

ለልጁ ልደውልላት አለ። ስልኳን ለሒሳብ ማስሊያ ብላ ለባለመድኃኒት ቤቷ ትታላት ሄዳለች። ሹፌሩን ደግሞ ማንም አያውቀውም። ከሰዓት በፊት አትመለስም።

ጋሽ እንፋሎት ወደዚያው ጠዋት ወደረገመው ጠረጴዛ ሄደ። እስቲ የሰውን ነገር እዩት! ያልታጠበ ልብስ ወጣ ብሎ ሲደነፋ የነበረው ሰው፣ አሁን ሳትታጠብ እዚህ በተጣለች ብሎ ይለምናል። አንዱ ሰነፍ ሆኖ፣ አንዱ ቸኩሎ፣ አንዱ ሕግ አፍርሶ በሆነ! ክምሩን በሁለት እጁ ገለበጠው። አረንጓዴ ባየ ቁጥር ብድግ ያደርግና አፍንጫው ላይ ይለጥፋል። ይህ የድመት ነው። ይህ የተቃጠለ ዘይት። ያኛው ሽቶ ነው፣ ያውም ርካሽ። አረንጓዴው አለቀና ሰማያዊውንም፣ ግራጫውንም ማሽተት ጀመረ። ምን ያደርግ? እጁ መቆም አልቻለም።

ሰው ከበበው። "ኧረ ጋሽ እንፋሎት!" አለ ዳቦ ጋጋሪው ሆዱን ይዞ እየሳቀ። "ቅዳሜም ቁጥጥር አለ እንዴ? ምን በልተው እንደነበር ልትነግረን ነው?" ግቢው በሳቅ ተናጋ። ጋሽ እንፋሎት ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ዳቦ ጋጋሪው ሳቁን ዋጠ።

"አንተ፣ ምን ሆነሃል?"

"አረንጓዴ ሹራብ አላየህም? የሱፍ፣ ክርኑ የሳሳ።"

"አረንጓዴ... አሁን አንዲት ሴትዮ ገዝታ እዚሁ ለብሳው ወጣች። ወደ አውቶቡሱ ፌርማታ። ክርኑን እንኳ አይኔን ግንባር ያድርገው አላየሁም።"

የስድሳ ሁለት ዓመት ሰው በነጭ የሥራ ካፖርት መንገድ ላይ ሲሮጥ ታየ። መኪና ጡሩምባ ነፋበት፤ አልሰማም። ለብሳው ወጣች ከተባለ ከፌስታሉ ወጥታለች ማለት ነው፤ ነፋስ ነክቷታል፤ የሌላ ሰው አንገት ነክቷታል። ግን ጨርሶ አይጠፋም፣ ከእጅጌው ሥር ይቀራል፣ ከስፌቱ ውስጥ ይቀራል እያለ ሮጠ። የፈለገችውን ከፍሎ ይወስዳታል። ሴትዮዋ ፌርማታው ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። አረንጓዴው ያው ነው። ትከሻው ያው ነው። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ክንዷን ነካት።

ዞረች። ቁልፎቹ ፕላስቲክ ናቸው፣ አምስቱም አንድ ዓይነት፣ አዲስ።

"አቤት አባቴ?" አለችው ደንግጣ።

"ይቅርታ ልጄ። ሰው መስለሽኝ ነው።"

"የሚያውቁት ሰው?"

"አዎ" አለ። አውቶቡሱ መጣና ተሳፈረች፤ በመስኮት ዞራ እያየችው ሄደች።

ቀስ ብሎ እየተራመደ ተመለሰ። ግቢው እየሳሳ ነበር። ገመዶቹ ባዶ፣ ጠረጴዛዎቹ ባዶ፤ የቀሩት ሁለት የተሰነጠቁ ሳህኖችና አንድ ማንም ያልፈለገው የግድግዳ ሰዓት ብቻ ናቸው። ተሸጧል የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ባለመድኃኒት ቤቷ ውኃ አመጣችለት። ፊቷ በደስታ ፈክቷል። "ጋሼ፣ ጣራው ብቻ አይደለም፣ መስኮቶቹም ይታደሳሉ! በእርስዎ እጅ ነው እኮ!" አለችውና አጨበጨበችለት፤ የቀሩትም ተቀበሏት። ሰው ሁሉ ቆሞ ያጨበጭብለታል። ጎንበስ ብሎ አመሰገነ። ውኃውን ጭልጥ አድርጎ ጠጣ። እሱ እንደሆነ በልቡ ሚስቱን ለሁለተኛ ጊዜ እየቀበራት ነበር፤ ያሁኑ የባሰው ደግሞ በገዛ አፉ የሰጣት መሆኑ ነው።

ልጁ የተመለሰችው ከሰዓት በኋላ ነው። ፀጉሯ አቧራ ጠጥቷል፤ ግን ታበራለች። "አለቀ አሉኝ! ሁሉም አለቀ!" ብላ አቀፈችው። ስለ ሹራቧ ሊጠይቃት አፉን ከፈተ፤ እሷ ቀደመችውና እጁን ይዛ ወደ ሱቁ ጎተተችው። "ና እስቲ አባባ፣ አንድ ነገር አለኝ።"

ከመደርደሪያው ሥር ካለው መሳቢያ በቡናማ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ለደንበኛ እንደሚደረገው በክር ታስሯል፤ ቁጥርም ተንጠልጥሎበታል። ከወረቀቱ ጠርዝ አረንጓዴ ጨርቅ ታየ።

ጋሽ እንፋሎት ጠረጴዛውን ያዘ። አልተሸጠችም! እዚህ ነበረች! ለካ ልጄ ዘንድ ነበረች፣ ለካ ደብቃልኛለች አለ በልቡ። ያን ጊዜ እንደሱ ደስተኛ ሰው በዚያ ከተማ አልነበረም። ክሩን ፈታ።

ከአፍንጫው ቀድሞ ያወቀው እጁ ነው። ሱፉ ለስልሷል። ፈክቷል። እንደ ጫጩት ላባ ሆኗል። ሱፍ እንዲህ የሚሆነው እንዴት እንደሆነ እሱ ነው ያስተማራት፤ ለብ ባለ ውኃ፣ ሳይታሽ፣ ተጫን ለቀቅ እየተደረገ፣ በጥላ ፎጣ ላይ ተዘርግቶ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ሳሙና። ጥሩው ሳሙና፣ ለሐርና ለሱፍ ብቻ የሚያወጡት።

"መደርደሪያውን ሳወርድ ፌስታል ውስጥ አገኘኋት" አለች ልጁ። "እንዳየኋት ገባኝ። ለራስህ እንዳስቀመጥካት። ለማጠብ ግን እጅህ እምቢ ብሎሃል። አይደል? አንጀቴ ነው የተላወሰው። እሱ ካልቻለ እኔ አጥብለታለሁ አልኩ። በማሽን እንዳይመስልህ፣ በእጄ ነው። ክርኑንም ጠቀምኩት።"

ጋሽ እንፋሎት ሹራቧን ገለበጠ። ኮሌታውን አጥፎ አየ። ሰነፍ አጣቢ የሚያልፋትን የብብቱን ስፌት በጣቶቹ ከፍቶ አፍንጫውን አስገባ። እጅጌውን እስከ ውስጥ ገልብጦ ዳበሰ፣ ኪሶቹን አወጣ፣ ጥጋቸውን አሸተተ፣ ከየቁልፉ ሥር አሸተተ። አንዲት ጥግ፣ ጥፍር የምታህል ቦታ አታመልጣትም? አሥራ ሁለት ዓመት ስህተት ያላጣባት ልጅ ዛሬ አንዲት ስህተት ታጣ? ልጁ ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች፤ ፍርዷን ነው የምትጠብቀው። እሱ መጨረሻው ስፌት ላይ ደርሶ እጁን አሳረፈ። ምንም የለም። ከሠላሳ አራት ዓመት ሥራው ውስጥ እንደዚህ የጠራ ልብስ አላየም።

"አንድም ነገር አላገኘሁብሽም" አላት።

ልጁ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። የሱም እንባ ሲወርድ አየች፤ ደስታ መሰላት። አቀፈችውና ትከሻው ላይ ሆና አወራችው።

"ታውቃለህ፣ ውኃው ውስጥ ስነክራት ምን ሆነ መሰለህ? እማዬ ሸተተችኝ። እውነቴን ነው! ሙቀቱ ሲነካት ክፍሉን ሞላችው። ከኋላዬ የገባች መስሎኝ ዞርኩ እኮ። ቅርንፉዷ፣ ያ አንገቷ... ምን ልበልህ፣ እቅፍ አደረገችኝ። ልጠራህ ነበር፤ አንተ ግቢው ውስጥ ገመድ ትወጥር ነበር።" ቀና ብላ አየችው። የሆነ ነገር በፊቷ አለፈ። ፌስታሉን፣ ጥብቅ ብሎ ታስሮ የነበረውን ቋጠሮ ያስታወሰች ይመስላል። "አባባ... እንድትታጠብ አልፈለግህም ነበር እንዴ?"

ዓይኗን አያት። የእናቷ ዓይን ነው፤ ፈርታለች።

"ምን ነካሽ?" አላት። "የላውንደሪ ሰው ያደረ ልብስ ያቅፋል? ላጥባት ስል ነው የቀደምሽኝ።"

ልጁ ትንፋሿን ለቀቀች። እሱ ሹራቧን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

"እስቲ ንገሪኝ" አላት። "ክፍሉን ሞላችው ነው ያልሽው?"

"እስከ በሩ።"

"ብዙ ቆየች?"

"ምናልባት ውኃው እስኪበርድ። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አለቅልቄ አሰጣኋት። ሌላ ምን አደርጋለሁ?"

"ደግ አደረግሽ፣ ልጄ" አላት።